«ኃይለ ሥላሴ» እና «ሃይለስላሴ» እኩል ናቸው? ጽሑፍ ስታወዳድሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍን በ== ማወዳደር። አሁንም! ይህ ምልክት የሚጠይቀው «ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ሜሞሪ ውስጥ ያሉት አንድ ዕቃ ናቸው ወይ?» ብሎ ነው። ጀማሪን የሚሸውደው ሲሞክረው መሥራቱ ነው፤ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ተመሳሳይ ጽሑፎችን ጃቫ በአንድ ዕቃ ይወክላቸዋል። ከኪቦርድ ወይም ከዳታቤዝ የመጣ ጽሑፍ ሲገባ ነው ጉዱ የሚፈላው። ፊደሎቹን የሚያወዳድረውን ኢኳልስን (equals) ተጠቀሙ፤ ነል (null፣ ምንም ዕቃ የሌለው) ሊሆን የሚችለውንም በግራ አታስቀምጡ።

በሲ (C) ቋንቋ ደግሞ ጽሑፍ የሚያወዳድረው ስትርኮምፕ (strcmp) ጽሑፎቹ ሲመሳሰሉ የሚመልሰው 0 ነው፤ 0 ደግሞ በሲ «ሐሰት» ማለት ነው። ኢፍ (if) ውስጥ እንዲሁ የከተተው ሰው ተገላቢጦሹን ጽፏል።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን የአማርኛ ስም ነው። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ ተፈትኖ ሥራ ይጀምራል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ሃይለስላሴ» ብላ ትፈልጋለች፤ ተማሪው የተመዘገበው «ኃይለ ሥላሴ» ተብሎ ነው። «አልተገኘም» ሲላት እንደ አዲስ ትመዘግበዋለች። እንዲህ የተባዛ መዝገብ ሳጸዳ ከርሜ አውቃለሁ። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 1200፣ 1210 እና 1280 ናቸው፣ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር)። እስቲ ቁጠሩት፦ መነሻው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ቀጥሎ ሥ ወይም ስ፤ መሀሉ ክፍት ወይም የተጋጠመ። ለአንድ ስም 24 አጻጻፍ!

ፊደልን ወደ ትንሹ የሚቀይረው ቱሎወርኬዝ (toLowerCase) እዚህ ምንም አይፈይድም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። የአንድ ፊደል የተለያዩ ኮዶችን አንድ የሚያደርገው የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም እነዚህን ፊደላት አያዋህድም። ሰውየው የጻፈውን ስም ሳትነኩ አስቀምጡ። አጠገቡ ሌላ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ክፈቱና ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነቤተሰቦቻቸው የቀየራችሁበትን ቅጂ አኑሩ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ መመለስ አትርሱ። ክፍት ቦታዎቹንም አውጡ። ፍለጋው በዚህ ቅጂ ይሁን። ቅጂው ተመሳሰለ ማለት ግን ሰው አንድ ነው ማለት ስላልሆነ ዝርዝሩን አሳዩና ሠራተኛዋ ትምረጥ። ዋናውን ኮለም ራሱን «የሚያስተካክሉ» ብልጦች አሉ፤ ዓለም የተባለችው ልጅ ሰርተፊኬቷ ላይ አለም ሆና ስትመጣ እናንተው አስረዷት።

አራት ነጥብንም ፈትሹ፦ ብዙ ሰው ። በማለት ፋንታ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፣ ፡፡ እንዲህ። ለዓይን ያው ነው፤ ለኮምፒውተሩ አንዱ 1362፣ ሌላው ሁለት ጊዜ 1361 ነው።