አሮጌ ስፖርት መኪና ለየቀን መንጃ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

20 ዓመት ያለፈው ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ብሎ ነው። ለየቀን መንጃ ከሆነ ግን «ለስንት ጊዜ ቆሟል?» የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል። ጎሚኒ ይደርቃል፣ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ይህ ሁሉ መኪናው ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም አይቀርም። የጥገና ወረቀቱ የተሟላና በየቀኑ ሲነዳ የኖረ፣ 180,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ሸራ ለብሶ ዓመታት ከቆመ የ60,000 ኪሎ ሜትር መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ከታች ካሉት ምልክቶች አንዳንዱ ዋጋ ማስቀነሻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መኪናውን ትቶ መሄጃ። ፍተሻው ሁሉ የሚጀምረው በቀዘቀዘ ሞተር ነው። ኮፈኑን አስከፍታችሁ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ የጠዋት አነሳሱን እንድታዩ አልተፈለገ ይሆናል፤ ሌላ ቀን ቅጠሩ።

ሰማያዊ ጭስ

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ከየት እንደሚገባ የሚነግራችሁ ጭሱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። አድሮ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ጨሶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል። ቁልቁለት በማርሽ ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ የሚወጣውም በአብዛኛው ከዚያው ነው። ይህ ጥገናው የታወቀ፣ ዋጋ የሚያስቀንስ ነገር ነው። ነዳጅ ሲረገጥና ሞተሩ ሲጫን ያለማቋረጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ወይም ተጣብቋል፤ ቱርቦ ያለው ከሆነ የቱርቦው ዘይት መያዣም ይጠረጠራል።

በግምት አትወስኑ፣ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለኩ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ፣ የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ይነቀል፣ የኮይሎቹ ሶኬት ይላቀቅ። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ በሞተሪኖ 5 ወይም 6 ዙር ማዞር ነው። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ከ15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው መዝጊያ) ነው።

ማዝዳ አርኤክስ-8 ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። የሮታሪ ሞተሩ (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚሽከረከርበት) ሲሠራ ዘይት እንዲያቃጥል ተደርጎ ስለተነደፈ ዘይት መቀነሱ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ባለቤቱ ዘይት መለኪያውን ቶሎ ቶሎ እያየ መጨመር አለበት። የተለመደው የኮምፕሬሽን መለኪያም አያገለግልም፤ የእያንዳንዱን ሮተር ሦስት ፊቶች ለይቶ የሚያነብ የሮታሪ መለኪያ ያስፈልጋል። ያ እስኪገኝ ሞተሩን በደንብ አሙቁት፣ አጥፉት፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ አስነሱት። ሞተሪኖው ብዙ ከዞረ በኋላ እያለከለከ ከተነሳ ኮምፕሬሽኑ መድከሙን ጠርጥሩ። ሞቶ ሞቶ የሚሠራ፣ የሚንተፋተፍ ከሆነ ግን ኮይሎቹ፣ ካንዴላዎቹና ሽቦዎቹ አስቀድመው ይቀየሩ፤ በዚህ መኪና ላይ ኮይል ቶሎ የሚደክም ዕቃ ነው።

ሙቀቱ ይወጣል

አሮጌ ስፖርት መኪናን ከየቀን ሥራ የሚያስወጣው አንደኛ ችግር ይህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ እዩት።

በመጨናነቅ ውስጥ ሙቀቱ ወጥቶ መንገድ ሲከፈት የሚመለስ ከሆነ አየር እየተሳበ አይደለም። ፋኑ፣ ሪሌው፣ የሙቀት ስዊቹ ወይም የቪስኮስ ፋኑ ክላች ይታያል። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ በፍጥነት ስትነዱ የሚሞቅ ከሆነ ውሃው በበቂ መጠን እየዞረ አይደለም፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ ፕሮፔለሩ የተሸራረፈ የውሃ ፓምፕ፣ በውሃ ፓምፑ ስበት የሚጨማደድ የታችኛው ቱቦ ይጠረጠራሉ። እንደ ፖርሽ ቦክስተር ያሉ ሞተራቸው መሃል ላይ ሆኖ ራዲያተራቸው ፊት ለፊት ያለ መኪናዎች ላይ የፊት መከላከያውን ሳትፈቱ አትወስኑ። በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል ደረቅ ቅጠል ይከማቻል፤ እርጥብ ሆኖ ሲቆይም አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ቢኤምደብሊው ኢ46 (የ3 ሲሪየስ አንዱ ትውልድ) ላይ የማቀዝቀዣው ክፍል ፕላስቲክ ነው፤ የውሃ ጋኑ በስፌቱ ይሰነጠቃል፣ የራዲያተሩ አንገት ይሰበራል። ከዚህ የሚከፋው የዳሽቦርዱ መርፌ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ መሠራቱ ነው። መርፌው ከመሃል ሲነሳ አይታችሁ «እስቲ ቤት ልድረስ» ካላችሁ ቴስታታው ይጣመማል፤ ወዲያው አጥፉት። የተቀየረበት ወረቀት ከሌለ ጋኑን ከነክዳኑ፣ ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ቱቦዎቹን በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ግፊቱን ወደ ቀጣዩ ደካማ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አየር ማስወጣት ይመጣል፤ ብዙ «አዲስ ዕቃ ገጥሞለት ዳግም ሞቀ» የሚባል መኪና አየሩ በደንብ ያልወጣለት ነው። ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሉ፣ ቁልፉን አብሩ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ የንፋሱን ፍጥነት ዝቅ አድርጉ፣ የአየር ማስወጫ ብሎኑን ፍቱ። አረፋ የሌለበት ፈሳሽ በብሎኑ በኩል እስኪፈስ ድረስ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ሞተራቸው መሃል ያሉት ቱቧቸው ረጅም ስለሆነ በቫኪዩም መሙያ ቢሞሉ ይመረጣል።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን መፍረሱን ለመለየት ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስታችሁ የላይኛውን ቱቦ ጨምቁ። ሞተሩ ሳይሞቅ ቱቦው ድንጋይ ከሆነ የማቃጠያው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በጋኑ አፍ ላይ የሚደረገው ሰማያዊ የኬሚካል መመርመሪያ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ተረጋግጧል። የዘይት ክዳኑ ሥር የሚታይ ነጣ ያለ ቅባት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪናም ያመጣዋል።

ምንም ምልክት የሌለው ችግር

የታይሚንግ ቺንጋ አይጮኽም፣ አይጨስም፤ ይበጠሳል። ፖርሽ 944 ላይ የታይሚንጉና የባላንስ ዘንጎቹ ቺንጋ ሁለት ናቸው፤ የታይሚንጉ ከተበጠሰ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፦ ሁለቱም ቺንጋዎች፣ ሮለሮቹ፣ የውሃ ፓምፑና የፊት ዘይት መያዣዎቹ አብረው ይቀየሩ፣ ውጥረቱም በመለኪያ ይስተካከል። የሻጭ ቃል ቺንጋ አይሆንም።

በአንጻሩ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 (እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997) ቺንጋው ቢበጠስ መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ ቫልቩ አይጎዳም። ለየቀን መንጃ ደጋግሞ የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1.6 ሊትር ሞተር ላይ ግን የክራንክ ዘንጉ አፍንጫ አጭር ስለሆነ ፑሊውን የሚይዘው ቁልፍ ብረት የሚገባበት ቦታ ይበላል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የክራንኩን ፑሊ በባትሪ ብርሃን እዩት፤ ከተወላገደ ተዉት።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2005 ባሉት ቦክስተርና በፖርሽ 911 የ996 ትውልድ ላይ ደግሞ ሳይታወቅ ሊሰበር የሚችል የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ አለ። ቱርቦውና ጂቲ3ው ሞተራቸው ሌላ ስለሆነ አይመለከታቸውም። ከመግዛታችሁ በፊት የዘይት ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወረቀቱን ዘርጉ፣ ማግኔት አስጠጉ። ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ከተገኘ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። ንጹሕ ከሆነ ኩሽኔታውን ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ጊዜ ቀይሩት፤ ካምቢዮው ለሁለቱም ስለሚወርድ የጉልበቱን ዋጋ አንዴ ብቻ ትከፍላላችሁ።

ማርሽ ይጮኻል፣ አይገባም

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ 5 ሰከንድ ቆዩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ኤምኤክስ-5 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፓምፕ አፍስሶ ነው፤ የጎማ ሽፋኑን ገለጥ ስታደርጉት ፈሳሽ ይወጣል። የላይኛውን፣ የታችኛውንና ተጣጣፊ ቱቦውን አብራችሁ ቀይሩ።

ሁለተኛ ማርሽ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ የሚጮኸው የካምቢዮ ዘይቱን ቀይሩና እዩ። ፋብሪካው ጂኤል-4 (የካምቢዮ ዘይት ደረጃ) ካለ ጂኤል-5 አታድርጉ፤ በአንዳንዱ ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የሰልፈር ቅመም የነሐስ ሲንክሮዎችን (ማርሽ ያለ ጩኸት እንዲገባ የሚያደርጉትን ቀለበቶች) ይጎዳል። ሞቆም ከጮኸ ሲንክሮው አልቋል። በ4ኛ ማርሽ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነዳጁን ሙሉ ስትረግጡ ዙሩ ብቻውን ከወጣ ደግሞ የፍሪሲዮን ዲስኩ አልቋል።

ጠዋት ባትሪ የለም

ደህና ባትሪ አድሮ 12.6 ቮልት ያህል ያነባል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚህ በታች ከሆነ ዲናሞው ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ባትሪው እያደረ የሚሞት ከሆነ የሚሰርቅ ነገር አለ። ሁሉን ነገር አጥፍታችሁ መልቲሜትሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ በተከታታይ አያይዙት፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካነበበ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት መስመር ሌባው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ሬዲዮ ሆኖ ይገኛል።

ሚኒሞው ይዋዥቃል

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ኦቢዲ 2 (የብልሽት ኮድ የሚነበብበት) ሶኬት ስላለው ስካነር ይዛችሁ ሂዱ። ኮድ ባይኖርም የራስ ፍተሻ ውጤቶቹን እዩ፤ አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ቀጥሎ የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ (ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ) አንብቡ። በሚኒሞ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ በ2,500 ዙር ወደ መደበኛ ከተመለሰ አየር በተሰነጠቀ ቱቦ እየገባ ነው። ሞተሩ ሲጫን የሚብስ ከሆነ ግን የነዳጅ ፓምፕ ወይም ፊልትሮ ነው።

ፍሬንና ጎማ

ነድታችሁ ስታቆሙ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከሞቀ ፍሬኑ አልለቀቀም። በክሪክ አንሱትና የአየር ማስወጫውን ብሎን ትንሽ ክፈቱ። ጎማው ከተለቀቀ የፍሬን ዘይቱ ተጣጣፊ ቱቦ ውስጡ አብጧል፤ ካልተለቀቀ ካሊፐሩ ዝጓል። የፍሬን ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ቀይሩ። ጎማው ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት። ጥርሱ ያላለቀ የ10 ዓመት ጎማ አዲስ አይደለም፣ ይጣላል።

የረጠበ ምንጣፍና የተሰነጠቀ ወለል

ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ላይ የጣሪያው ውሃ መውረጃ ሲደፈን ውሃው ወደ በሩ ሥር ያለው ሳጥን ይገባል፤ ኤምኤክስ-5 ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዝገው በዚህ ነው። ከወንበሩ ኋላ ያለውን ምንጣፍ በእጃችሁ ተጫኑ፣ ከዚያ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን የሳጥኑን ጫፍ ከሥር እዩ። አረፋ የመሰለ ቀለም ካለ ከሥሩ ብረት የለም። መውረጃውን በለስላሳ ፕላስቲክ ሽቦ ክፈቱ፤ ሹል ብረት ቱቦውን ይበሳዋል።

ኢ46 ላይ ደግሞ የኋላው ሰብፍሬም (የኋላ ጎማዎቹንና ዲፈረንሻሉን የሚሸከመው ብረት) የሚታሰርበት ወለል ይሰነጠቃል። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ከኋላ «ጓ» የሚል ድምፅ ምልክቱ ነው። የዲፈረንሻሉ ወይም የሰብፍሬሙ ጎሚኒ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ለመለየት መኪናው ሊፍት ላይ ወጥቶ በአራቱም ማሰሪያዎች ዙሪያ ያለው ቆሻሻ ተጠርጎ መታየት አለበት፤ አዲስ የተቀባ ጥቁር ሽፋን ካያችሁ ይፋቅ። ስንጥቁ ገና አጭር ከሆነ ሰብፍሬሙ ወርዶ የስንጥቁ ጫፍ ይበሳል፣ ይበየዳል፣ ማጠናከሪያ ብረት በአራቱም ቦታ ይጨመራል። ሻጩ ሊፍት ላይ ማውጣቱን ካልፈቀደ የተሰነጠቀ እንደሆነ አድርጋችሁ ዋጋ ስጡ።