ማሪን ፕላይውድ ካጣችሁ ቁራጩን ቀቅሉት

ለጀልባ የውስጥ ሥራ ማሪን ፕላይውድ (ውሃ በሚችል ሙጫ የተጣበቀ የጀልባ ፕላይውድ) በአቅራቢያችሁ ካጣችሁ፣ ለውጭ ሥራ የሚሸጠውን ፕላይውድ ጠይቁ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ ቀቅሉት። ምግብ በማትሠሩበት አሮጌ ድስት ይሁን። አንድ ሰዓት ያህል ይፍላ፣ ይድረቅ፣ እንደገና ይፍላ። ንብርብሮቹ ከተላቀቁ ተዉት። ካልተላቀቁ ሙጫው ውሃ ይችላል ማለት ነው፤ የማሪን ፕላይውድ አንዱ ትልቅ ቁም ነገርም እሱ ነው። ጠርዙንም በደንብ እዩት፤ በንብርብሮቹ መሃል ክፍተት ካለ እርጥበት እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። ስትሠሩ የቆረጣችሁትን ጠርዝ ሁሉ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚደርቅ ጠንካራ ማሸጊያ) ድፈኑ።

ይህ ለቁም ሣጥን፣ ለመደርደሪያና ለመሳሰሉት ብቻ ነው። ለጀልባው አካል ግን ቢኤስ 1088 (የብሪታኒያ የማሪን ፕላይውድ ደረጃ) ማህተም ያለበትን ፈልጉ። መቀቀል የሙጫውን ጥንካሬ እንጂ እንጨቱ መበስበስን መቋቋሙን አያሳይም።