ኢንተርኔት ሲጠፋ ስታክ የሚያደርግ ዳታቤዝ፦ «ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት ምን እንፈትሽ?

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን በሚወስደው መስመር መጋዘኑና ፋብሪካው ብዙ ነው። የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራማቸው እዚያው ቢሮ ውስጥ ካለ አንድ ሰርቨር ጋር የተያያዘ ድርጅቶች አሉ። መብራት ሄዶ ይመጣል፤ ኢንተርኔቱ ግን ቶሎ አይመለስም። ሰርቨሩ በርቷል፣ ኬብሉም ተሰክቷል። ካሸሯ ፕሮግራሙን ስትከፍት ግን ስታክ ያደርጋል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ለመገናኘት ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ዳታቤዛችሁ (መረጃውን የሚይዘው ፕሮግራም) ማይኤስኪውኤል ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹት።

መጀመሪያ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጣችሁ ዳታቤዙን ክፈቱ። እዚያም እንቢ ካለ ነገሩ የኔትወርክ አይደለም፤ አገልግሎቱ መነሳቱንና ዲስኩ አለመሙላቱን እዩ። እዚያ ወዲያው ከከፈተ ወደ ካሸሯ ኮምፒውተር ሂዱ።

ከካሸሯ ኮምፒውተር የሰርቨሩን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን) ፒንግ አድርጉ፤ ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ያሳያል። ቀጥሎ በቴልኔት (ግንኙነት በሚሞክረው ትእዛዝ) ፖርት 3306ን፣ ማለትም ማይኤስኪውኤል የሚያዳምጥበትን በር፣ ሞክሩ። ዋናው ፍንጭ ያለው እዚህ ስለሆነ መልሱን ልብ ብላችሁ እዩት።

ወዲያው «ተቀባይነት አላገኘም» ካለ ማሽኑ ተገኝቷል፤ ፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም። ወይ ማይኤስኪውኤል አልተነሳም፣ ወይ ባይንድ አድሬሱ (የሚያዳምጥበት አድራሻ) 127.0.0.1 ላይ፣ ማለትም ለራሱ ለሰርቨሩ ብቻ፣ ታስሯል። ምንም ሳይመልስ ቆይቶ ጊዜው ካለፈ ፋየርዎል (ግንኙነት የሚያግደው ጥበቃ) ዘግቶት ይሆናል። ወይም መብራት ሲመጣ ራውተሩ ለሰርቨሩ ሌላ አይፒ ሰጥቶታል። ለሰርቨር ሁሌም ቋሚ አይፒ ስጡት።

ሦስተኛው መልስ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ ፖርቱ ይከፈታል፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ሆኖ ይቆያል። በደህናው ጊዜ ማይኤስኪውኤል ገና እንደተገናኛችሁ የቨርዥን ቁጥሩን ይልካል። ያ ከዘገየ ሰርቨሩ ላይ ዳታቤዙ ውስጥ ገብታችሁ «ሾው ፕሮሰስሊስት» በሉ፤ የተገናኙትን ዝርዝር ያሳያል። «አንኦተንቲኬትድ ዩዘር» (ማንነቱ ያልተረጋገጠ ተጠቃሚ) የሚል መስመር ከተደረደረ ዲኤንኤስን፣ ማለትም አይፒን ከስም ጋር የሚያዛምደውን አገልግሎት፣ ጠርጥሩ።

ማይኤስኪውኤል አዲስ እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታው በፊት የአይፒውን ስም ያጣራል። ስሙን የሚጠይቀው ውጭ ያለ የዲኤንኤስ ሰርቨር ከሆነና ኢንተርኔት ከሌለ፣ መልስ ሲጠብቅ ይቆማል። አንዴ ያገኘውን ስም ሜሞሪ ላይ ስለሚይዝ ከዚያ በኋላ አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋ ግን ያ ሁሉ ይሰረዛል። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ብቻ ሲቋረጥ ሥራው የማይቆመው፣ መብራትም አብሮ ሲሄድ ግን የሚቆመው። «አጥፍታችሁ አብሩት» የሚለው ምክርም እዚህ ላይ ነገሩን ያባብሰዋል፤ የተያዙትን ስሞች የሚያጠፋው እሱ ራሱ ነውና።

መፍትሔው አጭር ነው። ማስተካከያ ፋይሉን ክፈቱ፤ ሊኑክስ ላይ «ማይ.ሲኤንኤፍ»፣ ዊንዶውስ ላይ «ማይ.አይኤንአይ» ነው። «ማይኤስኪውኤልዲ» በሚለው ክፍል ሥር «ስኪፕ_ኔም_ሪዞልቭ» (ስም አታጣራ ማለት ነው) የሚለውን ጨምሩና አገልግሎቱን እንደገና አስነሱ። ከዚያ በፊት ግን የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር እዩ። በኮምፒውተር ስም የተፈቀደለት ካለ በአይፒ ቀይሩት፤ ለምሳሌ 192.168.1.% በሚል። ይህን ከዘለላችሁ ያ ተጠቃሚ ጨርሶ አይገባም። አገልግሎቱን ዛሬ ማቆም ካልቻላችሁ የካሸሮቹን አይፒና ስም በሰርቨሩ የሆስትስ ፋይል ላይ ጻፉ፤ ለጊዜው ያስተነፍሳል።

ጠዋት ሠርቶ ከምሳ በኋላ ብቻ ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከቅርንጫፍ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ለሚገቡ ይህ ያጋጥማል። መሐል ያለው ፋየርዎል ሥራ የፈታውን ግንኙነት ሳይናገር ይቆርጠዋል። ሊኑክስ ደግሞ ግንኙነቱ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቀው ከ7200 ሰከንድ፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው፤ ያም ፕሮግራሙ ኪፕአላይቭን (ይህንኑ መጠየቂያ) ከተጠቀመ ነው። ቁጥሩን ወደ 300 አውርዱት። ቪፒኤኑን ትታችሁ 3306ን ለኢንተርኔት መክፈት ግን አይታሰብም።

ሁሉን ስትጨርሱ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሞክሩት። የኢንተርኔቱን ኬብል ከራውተሩ ንቀሉ፣ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሱ፣ ከዚያ ከካሸሯ ኮምፒውተር ግቡ። ወዲያው ከከፈተ ኬብሉን መልሱት።