በታዳጊዎች ማዕከል ከፈረቃ ባልደረባ ጋር ተስማምቶ መስራት እንዴት ይቻላል?

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ስር፣ «አስቸጋሪ» የሚባሉ ልጆች በሚያድሩበት ማዕከል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከጎዳና የመጡ አሉ። ቤተሰብ ያቃታቸው አሉ። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የመጡም አሉ። ስገባ የፈራሁት ልጆቹን ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የባልደረባዬ ኩርፊያ ሆነ። ስለ ልጆቹ ስልጠና ይሰጣችኋል፤ እርስ በርስ ስለ መዋደድ ግን የሚያሰለጥናችሁ የለም። እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከዘበኛውና ከወጥ ቤቷ ጋር ተዋወቁ። የወሎ ሰላምታ አጭር አይደለም፤ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ አገሩን ሁሉ ጠይቃችሁ ነው የሚያልቀው። አትቸኩሉ። የትኛው ልጅ እንጀራውን ሳይነካ እንደተነሳ ከማህበራዊ ሰራተኛው ቀድማ የምታውቀው ወጥ ቤቷ ናት።

ሁለተኛ፣ ርክክብ። ፈረቃ ስትቀያየሩ ቢያንስ 10 ደቂቃ አብራችሁ ቁሙ። ሶስት ነገር ብቻ ተነጋገሩ፦ ማን አኮረፈ፣ ማን ምን ተፈቀደለት፣ ማን ምን ተከለከለ። ከዚያ ደብተር ላይ ጻፉት። «ባለጌ ሆኗል» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ተረኛ ምንም አይነግረውም። «ከእናቱ ጋር በስልክ ካወራ በኋላ እራት አልበላም» የሚለው ግን ይነግረዋል። ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ይኑረው፤ እስክሪብቶውንም በክር እሰሩት፣ አለዚያ ይጠፋል። የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃናል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ግሩፑ ለቀልድና ፈረቃ ለመለዋወጥ ጥሩ ነው። የልጅ ገመና ግን በየሰው ስልክ መዞር የለበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፦ በልጆች ፊት የባልደረባን ቃል አለመሻር። ሲነገር ቀላል ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ዘግይቼ ገባሁና ደብተሩን ሳላይ ተቀመጥኩ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ መጥቶ ኳስ ማየት እንደተፈቀደለት ነገረኝ። ተደባድቦ ስለነበር ባልደረባዬ ለዚያ ሳምንት ከልክሎታል። እኔ ምን አውቄ? ባልደረባዬ ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ልጁን ቴሌቪዥኑ ፊት አየውና «ተነስ» አለው። እኔ ደግሞ ደግ መሆን አማረኝ። «ተወው ባክህ፣ ዛሬን እንኳ ይይ» አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሱ ምንም ሳይል ወጣ።

ከዚያ በኋላ እሱ ተኙ ሲል «ያኛውን እንጠይቅ» ይሉት ጀመር። እኔ ሳለሁ ጸጥ ይላሉ፤ እሱ ሲገባ ቤቱ ይታመሳል። እንደ ሞኝ እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር! ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ሲመልስልኝ ከረመ።

ያስታረቁን ወጥ ቤቷ ናቸው። ቡና አፈሉና ሁለታችንንም ጠሩ። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ላይ እሱ ተናገረ። «ልጁ ኳስ ማየቱ አይደለም የከፋኝ። ልጆቹ ፊት ባዶ አደረግኸኝ» አለ። የምመልሰው አልነበረኝም። «አውፍ በለኝ» አልኩት። «አውፍ ብያለሁ» አለ፤ በረካውን ጠጥተን ተነሳን።

ግን በዚህ አላበቃም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ስህተቱ የተሰራው ልጆቹ ፊት ነው፣ ስለዚህ እርቁንም ልጆቹ ማየት አለባቸው። በማግስቱ ማታ ጎን ለጎን ቆመን «ያን ቀን የእሱን ቃል መሻሬ ስህተት ነበር» አልኳቸው። ፊቴ ቀልቶ ነበር። ያ ልጅ ራሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ካልተስማማን «እስቲ ተነጋግረን እንነግርሃለን» ብለን በር ዘግተን እንጨቃጨቃለን።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ወሰን አለው። ባልደረባችሁ በልጅ ላይ እጁን ካነሳ እዚያው አስቁሙት፣ ማንም ፊት ይሁን። በሕገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት አላቸው። ከመታ ደግሞ ጉዳዩ ለኃላፊ ይነገራል፤ በቡና የሚሸፈን ነገር አይደለም። እዚያ ሳይደረስ የምንጠቀምበት ምልክት አለን። አንዳችን ድምጹ ከፍ ሲል ሌላው ገባ ብሎ «ስልክ ይፈልጉሃል» ይላል። ስልክ የለም። የተጠራው ግን ሳይከራከር ይወጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቦታውን ሌላው ይይዛል። ሲመለስም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መቀለድ ክልክል ነው። አንዴ የተቀለደበት ሰው ሁለተኛ አይወጣላችሁም።

የፈረቃ ፕሮግራም ስታወጡ ሁለት ካላንደር ያዙ። በረመዳን የመግሪብን ሰዓት ክርስቲያኖቹ ይይዙታል፣ ሙስሊሞቹ ቤታቸው ሄደው ያፈጥራሉ። የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ደግሞ ሙስሊሞቹ ይገባሉ። ይህን ለኃላፊ አትተዉት፤ ራሳችሁ ተነጋግራችሁ ወስዳችሁ ስጡት። ምሳ አብራችሁ ስትበሉ የስጋውን ነገር ወሎ ላይ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሽሮ አለ። ረመዳን ሲገባ የከሰዓቱ ቡና ወደ ማታ ይዞራል፣ በቃ።

ገንዘብ መበዳደርን አልመክርም። ዕቁብ ይሻላል።

ለአዲስ ገቢ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን አትስጡት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። ተረኛ ክፍል አንድ የጋራ ጋቢ አስቀምጡ፣ ቴርሞስም አይጥፋ። ጋቢውን ማን እንደሚያጥብ ግን ከአሁኑ ደብተሩ ላይ ጻፉ። እኛ በዚህ ለአንድ ወር ተጨቃጭቀናል።