የአንድ ዘፈን ሁለት ቅጂ፦ ሌላ ቀረጻ ነው ወይስ ግልባጭ?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የቆዩ ካሴቶችን የሚያሰባስብ ሰው አንድ ቀን «ይኸኛው ከማውቀው ይለያል» ማለቱ አይቀርም። ዘፋኙ በእርግጥ ስቱዲዮ ገብቶ ደግሞ ዘፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከሙዚቃ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት፣ ከዚያም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲገለበጥ የኖረ ካሴት ዘፋኙ ያላደረገውን ለውጥ በራሱ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጫወቻውን፣ ቀጥሎ ግልባጩን፣ በመጨረሻም ዘፋኙን መጠርጠር ይገባል።

ድምፁ ቀጥኖ ዘፈኑም ፈጥኖ ሲሰማ

የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እንዲጓዝ ተወስኗል። የገለበጠው ወይም የሚያጫውተው ቴፕ ሞተር ከዚህ ከፈጠነ ወይም ላስቲኩ ላልቶ ከዘገየ፣ የድምፁ ከፍታና የዘፈኑ ርዝመት አብረው ይለወጣሉ። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ገደማ ሲጨምር ድምፁ በግማሽ ቃና ከፍ ይላል፤ 5 ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈንም 17 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ያልቃል። ሁለቱ ለውጦች በዚህ ልክ ከተጣጣሙ ቀረጻው አንድ ነው፤ መፍትሄውም እንደ ኦዳሲቲ ባለ የኮምፒውተር ድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍጥነቱን መመለስ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ከፍታና ርዝመትን አብሮ የሚቀይረው ትእዛዝ ይመረጥ እንጂ ከፍታውን ብቻ የሚቀይረው አይነካ። ከፍታው እኩል ሆኖ የምቱ ፍጥነት ከተለያየ ግን ጉዳዩ የማሽን አይደለም። ለወሎ ጆሮ ደግሞ ከዚህ የቀረበ መለያ አለ፦ ፍጥነት ድምፆቹን ሁሉ በእኩል ያነሳል ወይም ያወርዳል እንጂ ቅኝት አይለውጥም፤ በአንዱ ካሴት በባቲ፣ በሌላው በትዝታ ቅኝት የተዘፈነ ዜማ ከተገኘ ሁለት የተለያዩ ቀረጻዎች ናቸው።

ከበስተጀርባ እኩል እየቆየ የሚመታ ጭረት ሲኖር

አምሃ ሪከርድስ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ ከጀመረ በኋላ ለዓመታት ዘፈን በብዛት የሚወጣው በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞር ሸክላ ነበር። ካሴት ሲስፋፋ ከእነዚህ ሸክላዎች ብዙዎቹ ወደ ክር ተገለበጡ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በሸክላው ላይ ያለ አንድ ጭረት በየዙሩ፣ ማለትም በየ1.33 ሰከንዱ፣ «ጠቅ» ይላል። ዘፈኑ ከመግባቱ በፊት ባለው ዝምታ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ይፈለግ፤ በፕሮግራሙ ላይም ሹል ሆኖ ይታያል። ይህ ጭረት ካለ ካሴቱ የስቱዲዮ ክር ግልባጭ ነው መባሉ ይቅር። ጭረቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ በሁለት «ጠቅታ» መካከል ያለው ጊዜ ወደ 1.26 ሰከንድ ካጠረ ግልባጩ በ6 በመቶ መፍጠኑን ያለ ምንም ማወዳደሪያ ይናገራል።

የትንሿ ሸክላ አንድ ገጽ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ ብዙም የማይዘል በመሆኑ ረጅም ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ይታተም ነበር። ስለዚህ «ረጅሙ ቅጂ» የተባለው ሁለቱ ገጾች ተቀጣጥለው ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያዎቹ መሐል ላይ ድንገት ወርደው እንደገና ሲነሱ ከተሰማ መጋጠሚያው እዚያ ነው። በሁለቱም ገጾች የሌለ ስንኝ ከተገኘ ግን ሌላ ምንጭ መኖሩ አያጠራጥርም። ሸክላው ራሱ በእጅ ከገባ፣ መርፌው በሚሄድባቸው መስመሮችና በመሐሉ ወረቀት መካከል ባለው ልሙጥ ቦታ የተጫረው ቁጥር ይገልበጥ፤ ወረቀቱ ቢለያይም ቁጥሩ አንድ ከሆነ ከአንድ ቅርጽ የታተመ ነው።

ሽፋኑ አንድ፣ ዘፈኑ ሌላ ሲሆን

ከሙዚቃ ቤት የወጣ ካሴት እንዳይቀዳበት በጀርባው ጠርዝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ክዳኖች ተሰብረው፣ ወይም ከመጀመሪያው ሳይሠሩ፣ ይቀርባል። ቀዳዳዎቹ በተጠቀለለ ወረቀት ወይም በፕላስተር ተደፍነው ከተገኙ አንድ ሰው በላዩ ሌላ ቀድቶበታል፤ በሽፋኑ የተጻፈው ስም ከዚያ በኋላ ማስረጃ አይሆንም። ካሴቱ ግን ቶሎ አይጣል። የቀዳው ሰው እስከ መጨረሻው ካልሄደ የጥንቱ ዘፈን ጭራ በገጹ ማብቂያ ላይ ይቀራል፤ ከዋናው የተረፈው ብቸኛ ቁራጭ እሱ ሊሆን ይችላል።

ድምፁ ሲታፈን

በክሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ክሩ በብሎን ወደሚከፈት ሌላ ቀፎ ይዛወር። ስፖንጇ ካለች የማጫወቻው ሄድ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) አቅጣጫ በጎኑ ባለው ብሎን፣ ሹል ድምፆች እስኪጠሩ ድረስ፣ በጥቂቱ ይስተካከል። በደሴ ክረምት ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ያበቀለ ክር ግን በደረቅ ስፍራ ደርቆና ተጠርጎ ካልሆነ ማጫወቻ ውስጥ አይግባ፤ ሻጋታው ወደ ሌሎች ካሴቶች ይዛመታል።

ከዘፈኑ በፊት ሰው ሲቆጥር ሲሰማ

ምት የሚሰጥ ቆጠራ፣ ተጀምሮ የተቋረጠ መግቢያ፣ የተጫዋቾች ንግግር፣ እንዲሁም በገበያው ቅጂ ድምፁ እየቀነሰ በሚጠፋበት ቦታ ሳይቀንስ ቀጥሎ የሚያበቃ መጨረሻ፣ ካሴቱ ለስቱዲዮው ክር ቅርብ መሆኑን ያመለክታሉ። ጭብጨባና የአዳራሽ ገደል ማሚቶ ካለበት ግን የመድረክ ቀረጻ ነው፤ ከስቱዲዮው ጋር በአንድ ተራ አይመዝገብ።

ዓመተ ምሕረቱ አልገጥም ሲል

የአገር ውስጥ ሽፋን ዓመትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ ድጋሚ እትም በአውሮፓ ይጽፋል፤ ልዩነቱም እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። የማሕሙድ አህመድ «እረ መላ መላ» በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካይፋ ሪከርድስ ወጥቶ፣ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ በክራምድ ዲስክስ፣ በኋላም የቆዩ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን ደግሞ በሚያሳትመው በኢትዮፒክስ ተከታታይ እትም 7ኛ ቁጥር ሆኖ ታትሟል። ይህን 1975 እንደ እኛ ዓመተ ምሕረት የሚያነብ ሰው ሥራውን ሰባት ዓመት ያህል ወደ ፊት ገፍቶ የሌለ «ሁለተኛ ቀረጻ» ይፈጥራል። በመዝገብ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አቆጣጠሩ ይጻፍ፤ የተቀረጸበት ዓመትና የታተመበት ዓመትም በተለያየ ዓምድ ይግቡ።