ስማርት ሰዓትን ከዋይፋይ ጋር ለማገናኘት፦ ከሰዓቱ በፊት ኔትወርኩን ማየት

ጅማ መርካቶ አጠገብ ስልክ በምጠግንባት ጠባብ ክፍል «ሰዓቱ ዋይፋይ አልይዝ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ሰዓቱን ከመንካቴ በፊት የምጠይቀው ቤቱ ስላለው ራውተር፣ ዋይፋዩን ስለሚያሰራጨው መሣሪያ ነው። በእጄ ካለፉት ሰዓቶች አብዛኞቹ ምንም ብልሽት አልነበረባቸውም፤ ችግሩ ለስልክና ለላፕቶፕ የተስተካከለው ኔትወርክ ለትንሿ የእጅ ሰዓት ሳይመች መቅረቱ ነበር። ሰዎች ይህን ባለማወቃቸው ደህናውን ሰዓት እንደተበላሸ ቆጥረው መሳቢያ ውስጥ ሲጥሉት ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ ሥራውን በምሠራበት ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ለመጻፍ ወስኛለሁ።

ከሁሉም በፊት ሰዓቱ ዋይፋይ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ሰዓቶችና የእጅ ባንዶች ብዙዎቹ ብሉቱዝ ብቻ አላቸው፤ እነዚህ ኢንተርኔት የሚያገኙት በስልኩ በኩል ስለሆነ ምንም ያህል ቢደከም በቀጥታ ከራውተር ጋር አይገናኙም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በሰዓቱ ሴቲንግስ ውስጥ ዋይፋይ የሚል ስም ከሌለ መሣሪያው የለውም ማለት ነው። በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ብቻ መወሰን ግን ያሳስታል። ለምሳሌ «ጂፒኤስ» ተብሎ የሚሸጠው አፕል ዎችም ሆነ «ብሉቱዝ» ተብሎ የሚሸጠው የሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች ሁለቱም ዋይፋይ አላቸው፤ በካርቶኑ ላይ ያለው ቃል የሚናገረው ሰዓቱ ራሱን የቻለ የሞባይል መስመር እንደሌለው ብቻ ነው።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት፣ ብዙ ሰው ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋበት ጉዳይ፣ ሰዓቱ ዋይፋይን የሚጠቀምበት ጊዜ ነው። ከስልክ ጋር የሚጣመሩት ሰዓቶች ስልኩ በብሉቱዝ ርቀት ውስጥ እስካለ ድረስ ኢንተርኔቱን ከስልኩ መውሰድ ይመርጣሉ፤ ዋይፋያቸውንም ብዙ ጊዜ አጥፍተው ይቆያሉ። ምክንያቱ ባትሪ ነው፤ የብዙዎቹ ሰዓቶች ባትሪ ከ300 እስከ 600 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ሲሆን የዛሬ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ከ4,000 በላይ ይይዛል፤ ብሉቱዝ ደግሞ ከዋይፋይ እጅግ ያነሰ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ስልኩን በኪስ ይዞ «የዋይፋይ ምልክቱ አይታይም» ብሎ መጨነቅ ተገቢ አይደለም። ሰዓቱ ዋይፋይ የሚያስፈልገው ስልኩ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ባለቤቱ ጓሮ ቡና ሲያሰጣ፣ ወይም ስልኩ ጨርሶ ቤት ተትቶ ሌላ ቦታ በሚኬድበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ወደ ራውተሩ እንመለስ። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች በሁለት የሞገድ መደቦች ይሠራሉ፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። ብዙ ሰዓቶች የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከአፕል ዎች ውስጥ እስከ ሲሪስ 5 ያሉት በሙሉ 5 ጊጋኸርዝን አይቀበሉም፤ ይህ የተጨመረው ከሲሪስ 6 ጀምሮ ነው። ሲም የሚገባባቸው ርካሽ የአንድሮይድ ሰዓቶችም አብዛኞቹ በ2.4 ብቻ ይሠራሉ። ስልኩ ያለ ችግር የሚጠቀምበት ኔትወርክ በሰዓቱ ዝርዝር ውስጥ ጨርሶ የማይታየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን መደቦች በአንድ ስም አጣምሮ የሚያሠራ ራውተር ካለ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ሁለቱን መለየትና ለ2.4 የራሱን ስም መስጠት ይሻላል። ወደ ማስተካከያው የሚገባው ከኔትወርኩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ማሰሻ (ብራውዘር) ላይ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ በመጻፍ ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ሳሉ ቻናሉንም፣ ማለትም ራውተሩ በመደቡ ውስጥ የሚጠቀምበትን የሞገድ ክፍል፣ መመልከት ይጠቅማል። በ2.4 ጊጋኸርዝ መደብ ውስጥ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንዳንድ ሰዓቶች ለሌላ አገር ገበያ ስለተሠሩ ቻናል 12ንና 13ን አያዩም። ይህ ነገር በእኛ ከተማ የሚያስከትለውን መዘዝ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ እንደ አዲስ ተነሥቶ ቻናሉን በራሱ ይመርጣል፣ የመረጠው 13 ከሆነ ደግሞ ትናንት ማታ ደህና ይሠራ የነበረው ሰዓት ዛሬ ጠዋት ኔትወርኩን ያጣዋል። ቻናሉን ከአውቶማቲክ አውጥቶ ከሦስቱ በአንዱ ላይ መወሰን ይህን ጣጣ ለሁልጊዜ ያስቀራል።

የጥበቃውን ዓይነት በተመለከተ፣ ደብሊውፒኤ 3 (WPA3) የሚባለው የዋይፋይ ጥበቃ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2018 ወዲህ የመጣ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ሰዓቶች ላያውቁት ይችላሉ፤ ደብሊውፒኤ 2ን ወይም ሁለቱን አብሮ የሚያስተናግደውን አማራጭ መምረጥ በቂ ነው። ሰዓቱ እንዲገባ ብሎ የይለፍ ቃሉን ጨርሶ ማንሣት ግን በፍጹም አይገባም።

ስለ ስምና ስለ ይለፍ ቃል ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የእኛ ችግር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። የኔትወርኩን ስም በአማርኛ መጻፍ ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኔም የምወደው ነገር ነው። ነገር ግን ለስሙ የተፈቀደው ቦታ 32 ባይት ብቻ ሲሆን አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም፤ የግእዝ ፊደል ያልተጫነባቸው ሰዓቶች ደግሞ ስሙን በባዶ ሳጥኖች ተክተው ያሳያሉ። የይለፍ ቃሉ ግን ምርጫ የለውም፤ በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ ከ8 እስከ 63 ምልክት ሆኖ መጻፍ አለበት። በሳንቲም ስፋት ሰሌዳ ላይ በጣት የሚጻፍ ስለሆነ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል እየተቀያየረ የሚሄድ የይለፍ ቃል በሰዓት ላይ መከራ ነው። ትንንሽ ፊደላት ብቻ ያሉበት ግን ረዘም ያለ፣ ለሌላ ሰው የማይገመት የይለፍ ቃል ለዓይንም ለጣትም ይቀላል፤ ጥንካሬውም አይጎድልም።

ኔትወርኩ ከተዘጋጀ በኋላ ማገናኘቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰዓቱ በደንብ ቻርጅ ይደረግ፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ይሁን። በጋላክሲ ዎች ሴቲንግስ ተከፍቶ ኮኔክሽንስ፣ ከዚያም ዋይፋይ ይመረጣል፤ በሌሎቹ የዌር ኦኤስ (የጉግል የሰዓት ሶፍትዌር) ሰዓቶች ደግሞ መንገዱ በኮኔክቲቪቲ በኩል ነው። ዋይፋዩ ሲበራ የኔትወርኮቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ለ2.4 የተሰጠው ስም ተነክቶ የይለፍ ቃሉ ይጻፋል። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከቀረ የስልኩን ብሉቱዝ ለጊዜው አጥፍቶ እንደገና መሞከር ነው። አፕል ዎች ደግሞ አይፎኑ ቀደም ሲል የገባባቸውን ኔትወርኮች በራሱ ከአይፎኑ ይቀበላል፤ ስለዚህ አይፎኑን በ2.4 ስም አንድ ጊዜ ማገናኘት ብቻውን በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካልሆነ በሰዓቱ ሴቲንግስ ውስጥ ዋይፋይን ከፍቶ ስሙን መምረጥና የይለፍ ቃሉን መጻፍ ይቻላል። ሲም የሚገባበት የአንድሮይድ ሰዓት አካሄዱ ልክ እንደ ስልክ ነው።

መገናኘቱን ለማረጋገጥ የስልኩን ብሉቱዝ ማጥፋትና በሰዓቱ ላይ የአየር ሁኔታን ወይም ኢንተርኔት የሚፈልግ ሌላ ነገር መክፈት ያስፈልጋል። በአይፎን ላይ ብሉቱዙ መጥፋት ያለበት ከሴቲንግስ ውስጥ ነው፤ ከላይ ወደታች ተስቦ ከሚወርደው ሰሌዳ ላይ ቢጠፋ ከሰዓቱ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም፣ ሙከራውም ያታልላል።

«ተገናኝቷል» እያለ ምንም የማይከፍት ሰዓት ሲያጋጥም ቀኑ ይታይ። ባለፈው ክረምት በፈረንጅ አራዳ በኩል የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸውን ሲም የሚገባበት ሰዓት ይዘው መጡ። ዋይፋዩን ይዟል፣ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ የሚከፈተው ፕሮግራም ግን ሁሉ ስሕተት ብቻ ያወጣል። የተለያየ ነገር ሞካክሬ ሲያቅተኝ የሰዓቱን ፊት ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ዓመተ ምሕረቱን ሳነብ 2017 ይላል።

«ጋሼ፣ ዓመቱን የነካው ሰው አለ?»

«እኔው ነኝ ያስተካከልኩት ልጄ፤ ሲመጣ ስምንት ዓመት አስበልጦ ነበር።»

ልክ ነበሩ፤ በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 2017 ነበር። ሰዓቱ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ የኛን ቁጥር ሲያገኝ በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያለ መሰለው። በኢንተርኔት ላይ ያሉ አገልግሎቶች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ዲጂታል የምስክር ወረቀት በማቅረብ ነው፤ ወደ ኋላ የተመለሰው ሰዓት የሚቀርቡለትን ወረቀቶች ሁሉ «ገና ጊዜያቸው ያልደረሰ» አድርጎ ስለሚቆጥር በሩን ይዘጋል። ቀኑን በአውቶማቲክ እንዲስተካከል አድርጌ፣ የሰዓት ክልሉን የምሥራቅ አፍሪካ ብዬ ሰጠሁት፤ ወዲያው ተከፈተ። በስልክ የተጣመረ ሰዓት ቀኑን ከስልኩ ስለሚወስድ በዚያ ጊዜ መታየት ያለበት የስልኩ ቀን ነው። ሁለት ሰዓት ጠዋት ላይ 8:00 የሚለውን ለእኛ አቆጣጠር እንዲስማማ በእጅ መቀየርም አይመከርም። ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠራ የሰዓት ገጽ ወይም ፕሮግራም ከተገኘ እርሱን መጫን ይሻላል፤ የውስጡ ቀንና ሰዓት ግን እንዳለ ይቀመጥ።

ቤቱ ራውተር የሌለው ሰው የኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሳፋሪኮምን ሞባይል ዳታ በሆትስፖት ማካፈል ይችላል። ሰዓቱ ከዚያው ስልክ ጋር የተጣመረ ከሆነ ግን ሆትስፖት ማብራት አያስፈልገውም፤ በብሉቱዙ በኩል ኢንተርኔቱን እያገኘ ነውና፣ ሆትስፖቱ የሚያተርፈው የስልኩን ባትሪ መጨረስ ብቻ ነው። ሲም ለሚገባበት ሰዓት ወይም ከሌላ ሰው ስልክ ለመውሰድ ሲፈለግ፣ በአንድሮይድ ስልኩ የሆትስፖት ማስተካከያ ውስጥ መደቡን 2.4 ጊጋኸርዝ ማድረግ፣ ከአይፎን 12 ጀምሮ ባሉት ደግሞ ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ማብራት ይገባል።

በሆቴልና በካፌ ያለው ዋይፋይ ሌላ ጉዳይ ነው። ከተገናኙ በኋላ ስም ወይም ኮድ የሚጠይቅ ገጽ የሚከፍት ኔትወርክ ለአፕል ዎችም ሆነ ለአብዛኞቹ ሰዓቶች አይሆንም፤ ገጹን የሚያሳዩበት ማሰሻ የላቸውምና። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ተቋም እያንዳንዱ ሰው በራሱ መለያ ስምና የይለፍ ቃል የሚገባባቸው ኔትወርኮችም ብዙ ሰዓቶችን ያስቸግራሉ። እዚያ ላይ መታገል ድካም ነው፤ ስልክን ይዞ በብሉቱዝ መጠቀም ይሻላል።

ደካማ ምልክት ሲያጋጥም የቤቱን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የሰዓት አንቴና እጅግ ትንሽ ነው፤ የእጃችን ሥጋም ሞገዱን በከፊል ይውጠዋል። የጭቃ ግድግዳ 2.4ን ብዙም አያግደውም፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። በጓሮ ያለው ማድቤት በቆርቆሮ የታጠረ ከሆነ፣ ራውተሩ ከቲቪው ጀርባ ተሸጉጦ ሳለ እዚያ እንዲደርስ መጠበቅ አይቻልም። ራውተሩን ወደ ጓሮው መስኮት ወይም በር አቅጣጫ፣ ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ያድናል።

ራውተሩ የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ብቻ እንዲያስገባ የተደረገ ከሆነ የሰዓቱም የማክ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት መለያ ቁጥር፣ መመዝገብ አለበት። በአዳዲሶቹ አፕል ዎች ላይ ለዚያ ኔትወርክ የግል አድራሻ የሚለውን አስቀድሞ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የተመዘገበው አድራሻና ሰዓቱ ይዞ የሚመጣው ላይገጥሙ ይችላሉ።

ሰዓቱ ዋይፋይ እንደያዘ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሊጠይቅ ይችላል። ማሻሻያው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት የሚወስድበት ጊዜ ስላለ በሞባይል ጥቅል ላይ ያለ ሰው ከመፍቀዱ በፊት ቀሪውን ይመልከት። አፕል ዎች ቢያንስ 50 በመቶ ባትሪና ቻርጀር ላይ መቀመጥን ይጠይቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም ባይጀመር ይመረጣል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለሙከራ የጠፋውን የስልኩን ብሉቱዝ መልሶ ማብራት፣ የሰዓቱንም ዋይፋይ አውቶማቲክ የሚል ምርጫ ካለው በእርሱ ላይ መተው ነው።