የማይሰማ እግር ሲነድድ፦ በነርቭ ህመምና በሙከራ መድኃኒት ዙሪያ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት «የማይሰማ እግር እንዴት ያማል?» የሚለው ነው። ቤተሰብ ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው እግሩን በመርፌ ቢወጉት ላያውቅ ይችላል። ማታ ግን ያው እግር እንደ ፍም ይነድድበታል። የታመመው እግሩ ሳይሆን የነርቭ መስመሩ ነው። ለዚህም ነው ፓራሲታሞል እምብዛም የማይነካው።

ሁለተኛው፣ የሙከራ መድኃኒትን እንደተገኘ ፈውስ ማየት ነው። ሱዜትሪጂን የተባለውን አዲስ የህመም ማስታገሻ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ግን ለድንገተኛ ህመም እንጂ ለነርቭ ህመም አይደለም። ከወገብ ወደ እግር በሚወርድ የነርቭ ህመም ላይ ሲሞከር፣ ከ0 እስከ 10 በሚቆጠረው መለኪያ የወሰዱት ሰዎች ህመም በ2 ነጥብ ገደማ ቀነሰ። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ፣ ፕላሴቦ ማለትም መድኃኒት የሌለበትን ክኒን የዋጡትም በዚያው ልክ ቀነሰላቸው። ስለዚህ «እገሌን አሻለው» የሚል ወሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሙከራ ውስጥ ለመግባት ተቻኩሎ የቆየውን መድኃኒት በአንድ ቀን ማቆምም አለ። ፕሪጋባሊን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ለሚመጣ የነርቭ ህመም የተፈቀደ ነው። ድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ይነሳል፣ ላብ ያመጣል፣ ያቅለሸልሻል፤ አንዳንዱንም ያንዘፈዝፋል። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይወስዳል።

ሌላው መደበቅ ነው። «ትራማዶል አልፎ አልፎ ነው የምወስደው» ብሎ ዝም ማለት። ጠንካራው የህመም ማስታገሻ ትራማዶልና ፕሪጋባሊን አንድ ላይ ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ። ከጎረቤት የተገኘችውንም ክኒን ይናገሩ፤ ማንም አይቆጣዎትም። ቢቆጣም ይቆጣ።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ አዲስ ስሜትን ሁሉ በአዲሱ መድኃኒት ማሳበብ። ጉዳቱ ከ6ኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ድንገት የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ የደም ግፊት መተኮስ ሊሆን ይችላል። አደገኛ ነው። በሽተኛውን ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብሱን ያላሉ፣ የሽንት ቱቦውን ይዩ። ብዙ ጊዜ መንስኤው የሞላ ፊኛ ነው፤ ቱቦው ዊልቸሩ ሥር ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ካልበረደ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።